በእድራችን ውስጥ አረጋውያን አረጋውያንን እንዲያስታምሙ ማድረግ እንፈልጋለን፤ የሞከረ ካለ ያካፍለን

የጀሞዋ መምህርት
ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። 66 ዓመቴ ነው፤ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ የሕንፃችን እድር ጸሐፊም ነኝ።

ከእኔ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የ81 ዓመት እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። በየጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ቡናቸውን ይወቅጣሉ፤ የሙቀጫው ድምፅ በጣራዬ በኩል ይወርዳል። መጀመሪያ እዚህ ስገባ ይረብሸኝ ነበር። ኋላ ግን ለመድሁት፤ እሱን ሳልሰማ ከአልጋዬ አልነሣም።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ማክሰኞ ድምፁ አልመጣም። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ልቤ አላርፍ ቢለኝ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ሰኞ ማታ መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ አድረዋል። በሩን ሰብረን ስንገባ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ «ውሃ» ብቻ ነው ያሉኝ። በደረጃው የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ነው ያደሩት።

በሕንፃችን ከ60 ዓመት በላይ የሆንን 11 ሰዎች አለን። 7ታችን ደረጃ እንወጣለን፣ ገበያ እንሄዳለን፣ መድኃኒት ቤት እንሄዳለን። ወጣቶቹ ከንጋት እስከ ምሽት ሥራ ላይ ናቸው። ቀን ቀን ሕንፃው የእኛ፣ የሕፃናቱና የቤት ሠራተኞች ነው። ታዲያ የወደቀውን ሊያነሣ ከእኛ ይልቅ ማን ቅርብ አለ?

እድራችን ባንክ ገንዘብ አለው፤ ድንኳን፣ 120 ወንበርና ትልልቅ ድስቶች አሉት። ደንባችን ግን ገንዘብ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው ይላል። እኚህ እናት ያን ሌሊት ሞተው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን እንቀመጥላቸው ነበር። በሕይወት ስለተገኙ ግን ለታክሲ የምንከፍልበት አንቀጽ እንኳን አጣን። ይህን በቃለ ጉባኤው የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍሁት።

አቅም ያለን አረጋውያን አቅም ላነሳቸው አረጋውያን አስታማሚ የምንሆንበትን ሥርዓት ማቆም እንፈልጋለን። ደንብ እንዴት ይለወጣል? ምን መማር አለብን? ከምን እንጠንቀቅ?

ጡረተኛ ነርስ፣ ባሕር ዳር
ሰኞ ሌሊት

መምህርት፣ እግዚአብሔር እኚያን እናት ይማርልን። 31 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አሁን 63 ዓመቴ ነው። ሐሳብዎን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ሆኖም ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም። ቅን ልብ ይዘው ገብተው ወገባቸውን ተሰብረው የወጡ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ሰው አታንሡ። የ65 ዓመት ሴት የ70 ኪሎ ሰው ከአልጋ አንሥታ ወንበር ላይ ላስቀምጥ ካለች ታማሚዎቹ ሁለት ይሆናሉ። አንሶላ ለሁለት አጥፋችሁ ከታማሚው ሥር፣ ከትከሻው እስከ ጭኑ አንጥፉ። ግራና ቀኝ ሁለት ሆናችሁ አንሶላውን ይዛችሁ ሳቡት እንጂ ሰውየውን በብብቱ ይዛችሁ አትጎትቱ።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎን መለወጥ አለበት። ተረከዙን፣ ዳሌውንና የወገቡን ግርጌ በየቀኑ እዩ። ቆዳው ከቀላ፣ በጣት ስትጫኑትም መቅላቱ ካልጠፋ ቁስል እየጀመረ ነው፤ ያን ጊዜ ብትደርሱ ትራስና ንጽሕና ይበቃል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ቦታው ከዙሪያው ከሞቀ ወይም ከጠጠረ ያው ነው። ሽታ እስኪመጣ ከጠበቃችሁ ግን ወራት ይፈጃል።

የደም ግፊት መለኪያ ግዙ፤ ክንድ ላይ የሚታሰረውን። ሰውየው አምስት ደቂቃ አርፎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይለካ። ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ እኛ አገር ይህ ይረሳል፣ ሲኒው በእጁ እያለ የሚለካ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ጻፉት። 140/90 እና ከዚያ በላይ በተለያዩ ቀናት ከተደጋገመ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ ግን ምንም ሳትለኩ መኪና ጥሩ።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ሳይመረመር ማንም አረጋዊ አጠገቡ አይዋል።

የአዳማው
ማክሰኞ ጠዋት

እማማ መምህርት፣ ጤና ይስጥልን። እኔ ወጣት ነኝ፤ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ተመርቄያለሁ። የዚምባብዌን ነገር ላካፍላችሁ፤ ይህን ውይይት ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ በሚባል ሰፈር ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በሰፈሩ ያሉትን የጭንቀት ሕሙማን የሚያክምበት ክፍልም ባለሙያም አልነበረውም። የነበሩት 14 አያቶች ናቸው፤ በበጎ ፈቃድ የጤና ሥራ የሚሠሩ የሰፈሩ ሴቶች። አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል። አያቶቹ ችግሩን አንድ በአንድ ዘርዝረው፣ ዛሬ የሚፈታውን አንዱን ብቻ መርጦ እንዲይዝ ያግዙታል። በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ «ሐሳብ ማብዛት» ማለት ነው። የእኛም ሰው «ሐሳብ በዛብኝ» ይላል እንጂ «ድባቴ ይዞኛል» አይልም።

በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልለቀቃቸው ሰዎች በአያቶቹ ከታገዙት ከመቶ 14 ገደማ፣ በተለመደው ሕክምና ካለፉት ደግሞ ከመቶ 50 ገደማ ነበሩ። ያዳመጧቸው የሰፈር አያቶች ናቸው። እናንተም ዕድሜያችሁን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት፤ አያት ስትጠይቅ ሰው ይመልሳል።

የደብረ ብርሃኑ
ማክሰኞ ቀን

ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን ዝም ማለትም አልችልም። እናቴ 70 ዓመቷ ነው። ሦስት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ እኛ ስንታመም ታስታምማለች። አሁን ደግሞ የጎረቤት አረጋዊ አስታማሚ ሁኚ ልትባል ነው? «አረጋውያን ይሳተፉ» የሚለው ቃል ሲሰማ ያምራል፤ ቤት ለቤት ሲታይ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ክፍያ የሠራችን ሴት እስከ መቃብር ያለ ክፍያ ማሠራት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የቤተሰብ ሕጉም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ሸክሙን አሮጊቶች በጫንቃቸው ከተሸከሙት ግዴታ ያለባቸው ሁሉ እፎይ ብለው ይተኛሉ።

የጀሞዋ መምህርት
ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ አላስቀየሙኝም። የእናትዎን ነገር ደጋግሜ አነበብሁት። ከ7ታችን 5ታችን ሴቶች ነን፤ ያሉት ስጋት እኛም ቤት አለ። ስለዚህ የልጅ ልጅ የምታሳድግ ሴት በተራ ዝርዝር ውስጥ እንዳትገባ፣ የገባም ሰው በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንዳይመደብ ለእድሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወንዶቹም ገንዘብ ያዥና ሰብሳቢ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ጡረታ ስወጣ ሽኝት ተደረገልኝ፣ ጋቢ ተሰጠኝ፣ «አሁን እረፊ» ተባልሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ጡረታ» እና «መጦር» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ጡረተኛ ስንሆን ሁላችንም ተጧሪ ብቻ ተደርገን ተቆጠርን። እኔ መጦርም እችላለሁ። መንግሥትና ልጆች ግዴታቸውን ይወጡ፤ ያን ከመጠየቅ አንቦዝንም። መታጠቢያ ቤት የወደቀች ሴት ግን የሚያስፈልጋት በዚያው ሰዓት በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነው።

የወሎዋ
ረቡዕ ጠዋት

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኛ ደሴ አካባቢ እድር የምትሉትን ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲታመም ተራ ወጥቶ መጠየቅ ዱሮም ነበረ። የእኔ እናት ስትተኛ ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን ብቻዋን አልዋለችም፤ የመጡት ሁሉ የዕድሜ እኩዮቿ ናቸው። ገላዋን የምታጥብላት አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበረች። በረመዳን ጸሐይ ሳትጠልቅ ሾርባ ሠርታ፣ ክዳኑን በፎጣ ጠቅልላ ታመጣ ነበር።

አብሽሩ፣ አዲስ ነገር አልጀመራችሁም። የቀረውን ነው የምትመልሱት።

የፒያሳው ጡረተኛ
ረቡዕ ማታ

እኔ 74 ዓመቴ ነው። ከፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ተነሥተን አሁን በሌላ ሰፈር ነው ያለሁት፤ የድሮው እድራችን ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል። መምህርት የጠየቁት የደንብ ነገር በእጄ ያለፈ ስለሆነ ልናገር።

በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈራችንን ሲያጠፋው በየሳምንቱ ድንኳን እንተክል ነበር። የእድራችን ገንዘብ አለቀ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ደንባቸውን ለውጠው ለሕሙማንና ለሙት ልጆች መርዳት ጀመሩ፤ እኛም አንዱ ነበርን። ጉባኤው ግን ሦስት ጊዜ ነው የጣለብን። «የቀብሬን ገንዘብ ልትበሉብኝ ነው» ይል ነበር ሰው፤ እውነቱን ነው፣ ድሃ ሰው ያለችው ዋስትና እሷ ናት። በአራተኛው የቀብሩን ገንዘብ ጨርሶ እንዳንነካ ተስማማን። ለሕያዋን የሚሆን ሌላ ደብተር ከፈትን፤ በወር ሁለት ብር ጨመርን፤ ያልፈለገ አይክፈል አልን። በዓመቱ ያልከፈለ ሰው አልነበረም። እናንተም የቀብሩን ሣጥን አትንኩት፤ ሌላ ሣጥን ክፈቱ።

ስለ ወንዶች ያነሡት ነገር ልክ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ማስታመም የሴት ሥራ ይመስለኝ ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ግማሽ አካሉ ሰነፈ፤ ንግግሩም ጠፋ። ሚስቱ ሁሉን ታደርግለታለች፤ ጺሙን ግን አላስነካትም አለ። ሄድሁ። ሙቅ ውሃ በጣሳ፣ ሳሙናና ምላጭ አዘጋጀሁ። የግራ ጉንጩ ወርዷል፤ በአንድ እጄ ቆዳውን ወደ ላይ ወጥሬ በሌላው ቀስ አድርጌ ላጨሁት። እኔም እጄ እንደ ዱሮው አይደለም፤ ፈራሁ። ድሮ ሰፈር ውስጥ በምንጠራበት የኳስ ስሙ ጠራሁትና «አትንቀሳቀስ» አልሁት። በደኅናው እጁ አንጓዬን ይዞ እስክጨርስ አልለቀቀኝም። አሁን ረቡዕና ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ስመለስ ጉልበቴም አያመኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ሐሙስ

እዚህ አሜሪካ በየቤቱ እየሄድሁ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምተዳደረው። በቀን ስምንት ሰዓት የሰው እናት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ጸጉር አበጥራለሁ። የራሴን እናት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤቷ፣ የ69 ዓመት ሴት፣ ታጥባታለች። ይህን ስጽፍ እንባዬ እየመጣ ነው።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር፤ ለእናንተ ይጠቅማል። ለእናቴ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፤ ባንክ ሄዳ የምታወጣላት ያቺው ጎረቤት ነበረች። ዘመድ «ደብተሩም መታወቂያውም እሷ ዘንድ ነው፤ ቤቱንም ልትወስድ ነው» ብሎ ደወለልኝ። አመንሁት። ክፉ ቃል ተናገርኋት። ለሁለት ወር ቀረች። እናቴ በነዚያ ሁለት ወራት ምን እንደሆነች አሁን አልጽፈውም። ኋላ ስጠይቅ ያቺ ሴት እያንዳንዱን ብር በልጅ ልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጽፋ አስቀምጣ ነበር፤ ሳሙና፣ ሽንት ጨርቅ፣ ሙዝ። ይቅርታ ጠይቄያት ተመልሳለች።

ስለዚህ እባካችሁ ከመጀመሪያው ቀን ሥርዓት አብጁ። ባንክ ሁለት ሰው ይሂድ እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ። የወጣው ሁሉ ይጻፍ፤ ፎቶውም ውጭ ላለነው ልጆች ይላክልን። አስታማሚ በኑዛዜ ውስጥ ወራሽ እንዳይሆን፣ ምስክርም እንዳይሆን በደንባችሁ አስገቡ። ይህ የሚጠብቀው ታማሚውን ብቻ አይደለም፤ እንደዚያች ሴት ያሉትንም ከእንደኔ ያለ ሰው ምላስ ይጠብቃል።

ነታንያ
ሐሙስ ማታ

ሻሎም። እኔ በእስራኤል የምኖር ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ወላጆቼ በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጡት። እዚህ «ቀሂላ ቶሜኸት» የሚባል አሠራር አለ፤ «ደጋፊ ማኅበረሰብ» እንደማለት ነው። አረጋዊው ከቤቱ ሳይወጣ በወር የተወሰነ ክፍያ እየከፈለ የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ የማኅበረሰቡ አባት የሚባል ሰው ደግሞ እየዞረ ይጠይቀዋል፣ አምፖል ይለውጥለታል፣ ቧንቧ ያይለታል።

አባቴ ግን ቁልፉን ተጭኖ አያውቅም። ሲጫን በዕብራይስጥ ነው የሚያናግሩት፤ ቋንቋው አይቀናውም። የሚደውለው ከታች ላሉት የ68 ዓመት እናት ነው። እሳቸው ሐኪም ቤት አብረውት ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ ይነግሩታል፤ እሱ ያፈረበትን ጥያቄ ለሐኪሙ ይጠይቁለታል። መሣሪያ ብታገኙ ጥሩ ነው፤ ከመሣሪያው በፊት ግን በቋንቋው የሚመልስለትን ሰው አስቀምጡ።

ጡረተኛ ነርስ፣ ባሕር ዳር
ዓርብ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ በርቺ። መምህርት፣ አንድ የረሳሁት ነገር አለ፤ ለአስታማሚዎቹም የደም ግፊታቸውን ለኩላቸው። ሰው ሲያስታምም የራሱን መድኃኒት መዋጥ ይረሳል።

የጀሞዋ መምህርት
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ

ይህን ውይይት አትሜ ጉባኤ ላይ አነበብሁት። የተሰበሰብነው በጋራ መጠቀሚያው ቤት ነበር። የፒያሳው ጋሼ እንዳሉት የቀብሩን ገንዘብ እንደማንነካ በመጀመሪያ አስታወቅን፤ ጩኸቱ ወዲያው በረደ። ለሕያዋን የሚሆን ሌላ ደብተር ተከፈተ፤ በወር 20 ብር። ሁለት ሰዎች አንከፍልም ብለዋል፤ አላስገደድናቸውም። የባንክና የኑዛዜው ነገር እንዳለ ገብቷል፤ አንድ አባት «አትታመኑም እንደማለት ነው» ብለው ተቆጥተው ነበር፣ የሲልቨር ስፕሪንጓን ልጅ ጽሑፍ ሳነብላቸው ዝም አሉ። በጤና ጣቢያ የምትሠራ የሕንፃችን ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ጊዜ አሠልጥናናለች፤ አንሶላውን በእኔ ላይ ነው የተለማመዱት። ከወንዶቹ ሁለቱም ተራ ገብተዋል። ደረጃ ለወጣ ሰው ሻይ፣ ሐኪም ቤት ለሚሄድ የታክሲ ይከፈላል። የቀን አበል የሚለው ግን አልጸደቀም፤ እኔ አሁንም መጽደቅ አለበት ባይ ነኝ፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይዤዋለሁ። ለደብረ ብርሃኑ ወንድሜም ይህን ሳልደብቅ መንገር አለብኝ።

አሁን ስለ አራተኛዋ ፎቅ እናት። ዳሌያቸው በቀዶ ሕክምና ተጠግኗል፤ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ ወንበር ይሄዳሉ እንጂ ደረጃ አይወርዱም። ተራ ዝርዝሩን ላስረዳቸው ስወጣ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡና «እኔስ የቱ ጋ ነኝ?» አሉኝ። ተረጂዎች በሚለው በኩል ስማቸውን አሳየኋቸው። «ይህንንማ አየሁት» አሉኝ። «የምሠራው የቱ ነው?» የምመልሰው ጠፋኝ። ራሳቸው ናቸው የመረጡት፦ በየጠዋቱ ለቀሩት 10 አረጋውያን ሁሉ ስልክ ይደውላሉ። ሁለት ጊዜ ተደውሎለት ያላነሣ ሰው ካለ፣ የቤቱ መለዋወጫ ቁልፍ ላለው ጎረቤት ይደውላሉ።

በአምስተኛው ቀን እኔ እንጀራ እየጋገርሁ ስልኬ መኝታ ቤት ነበር። በሬ ተንኳኳ። የአንደኛ ፎቁ አባት ናቸው፤ ቁልፌን በእጃቸው ይዘው፣ ሁለት ፎቅ ወጥተው ቁና ቁና እየተነፈሱ። ውሃ ሰጥቼ አስቀመጥኋቸውና ወደ ላይ ደወልሁ።

«ደኅና ነኝ፣ እማማ» አልኋቸው።

«ደኅና ከሆንሽ ስልክሽን አንሺ፣ ልጄ» አሉኝና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።